አቡል ቃሲም አል-ዛህራዊ፤ ጥርስ ከመንቀል ማጽዳትን ያስቀደሙ ሐኪም

ረመዳን በገባ ቁጥር ወረታ ገበያ ላይ ከቴምሩ ጎን መፋቂያ ይበዛል። የወይራውና የክትክታው እንጨት በስንዝር በስንዝር ተቆርጦ፣ በእስር በእስር ተደርድሮ ይሸጣል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውም፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚታጠፈውም መንገደኛ እዚሁ ስለሚገናኝ ገዢ አይጠፋም። ውዱእ አድርጎ ወደ መስጂድ የሚያመራ አባወራ መፋቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ጥርሱን ሲፍቅ ማየት በፎገራ ሜዳ አዲስ ነገር አይደለም።

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆኑን አንዲት የወረታ እናት ግን የጠየቁን ስለ መፋቂያ አልነበረም። የ15 ዓመት ልጃቸው ጥርስ ላይ ሽቦ ታስሯል፤ ብዙ ሰው ብሬስ የሚለው። ለዚህ ሽቦ ቤተሰቡ ገንዘብ አጠራቅሟል፣ ለክትትሉም ባሕር ዳር ተመላልሷል። ልጅቱ ታዲያ ጾም ከተያዘ ወዲህ ጾሜ ይበላሽብኛል ብላ ጥርሷን መቦረሽ ትታለች። ድዷ አብጧል፤ በሽቦው ሥር የምግብ ትርፍራፊ ተጠራቅሟል። አባት በበኩላቸው ይህ ነገር ከእነጭራሹ ይውለቅ እያሉ ነው። እናት ለሼህ ይንገሩ ወይስ ለሐኪም ግራ ገብቷቸዋል።

መልሱን ስንፈልግ ከሺህ ዓመት በፊት የኖሩ አንድ ሙስሊም ሐኪም መንገዳችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። ውድ አንባቢዎቻችን፣ የእናትየውን ጥያቄ ሳንረሳ አስቀድመን የእኚህን ሰው ታሪክ እናስቃኛችኋለን።

ሙሉ ስማቸው አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብኑል ዐባስ አል-ዛህራዊ ይባላል። አንዳንድ ጸሐፍት አል-አንሷሪ የሚል ይጨምሩበታል፤ ይህም የዘር ሐረጋቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከተቀበሉት የመዲና አንሷሮች እንደሚመዘዝ የሚጠቁም ነው። አል-ዛህራዊ የተባሉት ደግሞ በትውልድ ከተማቸው በመዲነቱ ዛህራ ነው። ይህችን ከተማ የአንደሉሱ ኸሊፋ ሦስተኛው ዐብዱረሕማን ከቁርጡባ ወጣ ብሎ በሚገኝ ተራራ ሥር ማስገንባት የጀመሩት በ325 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ936 ነበር። አል-ዛህራዊም የተወለዱት በዚያው ዘመን ገደማ ስለሆነ ሕፃኑና ከተማዋ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። አንደሉስ ዛሬ ስፔንና ፖርቱጋል የምንላቸውን አገሮች የሚያካትት ሲሆን ቁርጡባ ደግሞ ኮርዶባ የምትባለው የስፔን ከተማ ናት።

ያ ዘመን የቁርጡባ የብርሃን ዘመን ነበር። ከአባታቸው ቀጥለው የነገሡት ኸሊፋ ዳግማዊ አል-ሐከም (961–976 እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ወዳጅ ነበሩ። ከባግዳድና ከካይሮ ሳይቀር መጻሕፍት እያስመጡ ቤተ መጻሕፍታቸውን ሞሉት፤ ታላቁን የቁርጡባ መስጂድም አስፋፉት። አል-ዛህራዊ የእኚህ ኸሊፋ የቤተ መንግሥት ሐኪም እንደነበሩ ይነገራል። ስለ ትዳራቸውና ስለ ልጆቻቸው ግን የተጻፈ የለም። ሰውየውን የምናውቃቸው በአንድ መጽሐፋቸው ነው። አንድ መጽሐፍ ስንል ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ 30 ክፍል አለው።

ኪታቡ ተስሪፍ በመባል የሚታወቀውን ይህን መጽሐፍ ያጠናቀቁት ወደ 50 ዓመት ከሚጠጋ የሕክምና ሥራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ነው። አብዛኛው ክፍል ስለ መድኃኒት ቅመማ ነው፤ ስለ አመጋገብም አለበት፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ አፍና ስለ ጉሮሮ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ስማቸውን በዓለም የተከለው ግን የመጨረሻው፣ ሠላሳኛው ክፍል ነው። ስለ ቀዶ ሕክምና የተጻፈ ነው። አንባቢዎቻቸውን እንደ ልጆቻቸው እየጠሩ ነው ያስተማሩት።

ለምን ጻፉት? በዘመናቸው በእጅ የሚሠራው ሕክምና ወድቆ ስላዩት ነው። የሰውን የሰውነት አሠራር ሳያጠና ቢላዋ የሚያነሳ ሰው ገዳይ እንጂ ሐኪም አይደለም ብለው ያምኑ ነበር። በዓይናቸው ያዩትንም አልሸሸጉም። አንድ ያልተማረ ሐኪም የአንዲትን ሴት የአንገት እብጠት ሲቀድ ደም ሥሯን እንደቆረጠና ሴትዮዋ እዚያው እጁ ላይ ደሟ ፈስሶ እንደሞተች በመጽሐፉ አስፍረዋል። ሌላው እንዲማርበት ነው። ወደ 200 የሚጠጉ የሕክምና መሣሪያዎችንም በሥዕል አስደግፈው፣ ለምንና እንዴት እንደሚያገለግሉ አብራሩ። ምላስን ወደታች የሚጫነው፣ ዛሬም በየጤና ጣቢያው የምናየው ዓይነት መሣሪያ ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ።

ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል 14ቱ ለጥርስ ማጽጃ ብቻ የተሳሉ መፈቅፈቂያዎች ናቸው። እኛን ያስገረመንም ይኸው ነው። ለኸሊፋ ቅርብ የሆነ ሰው፣ ስለ አጥንት ስብራትና ስለ ምጥ ሕክምና የሚያስተምር ሊቅ፣ ጥርስ ላይ ለሚጋገር ቆሻሻ 14 መሣሪያ መደርደሩ! አስፈላጊነቱን ሲያስረዱም፣ ጥርስ ላይ በውስጥም በውጭም፣ በድዱም ሥር ሻካራ ቅርፊት ይጋገራል፤ ወይ ይጠቁራል፣ ወይ ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያም ድዱን ያበላሸዋል ይላሉ። በሽተኛው ጭንቅላቱን ሐኪሙ ጭን ላይ አሳርፎ እየተፈቀፈቀ አሸዋ የመሰለው ቆሻሻ ተጠርጎ እስኪያልቅ ይጸዳል። በአንድ ቀን ካልጠራ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ይደገማል እንጂ በጉልበት አይጣደፉበትም። መፈቅፈቂያው አንድ ብቻ ያልሆነውም ጥርስ በውስጡ፣ በውጩና በመሃሉ ቅርጹ ስለሚለያይ ነው።

ይህ እኛ ዛሬ ጥርስ ማሳጠብ የምንለው ነው። በነገራችን ላይ ጥርስ ከታጠበ ይላላል የሚል ወሬ በየቤቱ አለ። ጥርስን የሚያላላው ድድና አጥንቱን የሚበላው የተጋገረ ቆሻሻ ነው፤ ሲጸዳ ቀድሞ የነበረው መላላት ይታያል እንጂ እጥበቱ አዲስ ጉዳት አያመጣም። አል-ዛህራዊ ድዱ የሚበላሸው ከቅርፊቱ የተነሳ መሆኑን ከሺህ ዓመት በፊት ጽፈውታል።

ጥርስ መንቀልን በተመለከተ ቁጣቸው ይሰማል። ጥርስ ክቡር አካል ነው፣ ከወጣ የሚተካው የለም፤ ስለዚህ በሌላ ዘዴ ሁሉ ተሞክሮ ካልተቻለ በቀር አይነቀልም ባይ ናቸው። ሕመም እንደሚያታልልም ያስጠነቅቃሉ፤ በሽተኛው ያመመኝ ይህ ነው ብሎ ጤነኛውን ጥርስ ያስነቅልና ሕመሙ ባለበት ይቀራል። በዘመናቸው ጥርስ ይነቅሉ የነበሩት ፀጉር ቆራጮች ነበሩ። ሥሩን ውስጥ ሰብረው የሚያስቀሩ፣ ከጥርሱ ጋር የመንጋጋ አጥንት ገንጥለው የሚያወጡ እንደነበሩ እየጠቀሱ አል-ዛህራዊ በድፍረታቸው አዝነዋል።

እዚህ ላይ ከአንደሉስ ወደ ቤታችን መመለስ ግድ ይለናል። በአማራ ክልል በብዙ ገጠሮች፣ የሕፃናት ተቅማጥና ትኩሳት ከድድ የመጣ ነው በሚል፣ ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ በስለት እየቆፈሩ ማውጣት ለረጅም ጊዜ የኖረ ልማድ ነው። የጤና ባለሙያዎች ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አንዱ አድርገው ሲታገሉት ቆይተዋል። ሕፃኑ ደም ሊፈሰውና ሊመረዝ ይችላል። ከዚያ ቢተርፍ እንኳ ከሥር የተቀመጠው የቋሚው ጥርስ እምቡጥ አብሮ ይጎዳል፤ ጥርሱ ይጎድላል ወይም ጠምሞ ይወጣል። ዓመታት ቆይቶ ሽቦ የሚያስፈልገው ልጅ፣ ችግሩ የተጀመረው በጨቅላነቱ ባረፈበት ስለት ሊሆን ይችላል። ተቅማጡን ግን ጥርስ አላመጣውም፤ የሚፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና የጤና ጣቢያ ነው።

ጠምሞ ስለሚወጣ ጥርስም አል-ዛህራዊ ዝም አላሉም። ያለ ቦታው የበቀለ ጥርስ መልክን እንደሚያበላሽ፣ ይህም በተለይ ለሴቶችና ለልጃገረዶች እንደሚከብድ ጽፈዋል። ሰውየው የቤተ መንግሥት ሐኪም ይሁኑ እንጂ መስታወት ፊት የምትቆም የአንዲትን ልጅ ጭንቀት አልናቁም። በጊዜው በነበራቸው ዕውቀት መፍትሔያቸው በትንሽ መጋዝ መቁረጥ ወይም በሞረድ መሞረድ ነበር። መሞረዱም ጥርሱ እንዳይነቃነቅ በብዙ ቀናት ተከፋፍሎ፣ በእርጋታ ይከናወናል።

ሽቦስ? ሽቦም ነበራቸው፤ የወርቅ ሽቦ። በመውደቅ ወይም በመመታት የተነቃነቁ የፊት ጥርሶችን ከግራና ከቀኝ ካሉት ጠንካራ ጥርሶች ጋር በወርቅ ሽቦ እየሸመኑ ያስሩ ነበር። ብር ለምን አልሆነም ቢባል፣ ብር በጥቂት ቀናት ይዝጋል፣ ወርቅ ግን እንዳለ ይኖራል ብለዋል። ሽቦው ወፍራምም ቀጭንም አይደለም። ሲያልቅ ትርፉ በመቀስ ተቆርጦ ጫፉ ይጠመዘዝና ምላስ እንዳይወጋ በጥርሶቹ መካከል ይደበቃል። የወደቀ ጥርስ ካለ ራሱን መልሶ፣ አለዚያም ከበሬ አጥንት የጥርስ ቅርጽ ቀርጾ በዚያው ሽቦ ማሰር እንደሚቻልም ጠቁመዋል።

የአል-ዛህራዊ ሽቦ ጥርስን ባለበት የሚያጸና ነበር፤ የዛሬው ብሬስ ደግሞ ጥርስን ቀስ በቀስ እየገፋ ከቦታው የሚያዛውር ነው። ይህ ዘዴ በአውሮፓና በአሜሪካ ተጀምሮ የተስፋፋው ከእርሳቸው ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ብሬስን የፈለሰፉት እርሳቸው ናቸው የሚል ወሬ ከሰማችሁ አትቀበሉት፤ የእርሳቸው ሥራ ያለ ጭማሪም በቂ ክብር አለው።

የሕይወታቸው መጨረሻ አሳዛኝ ዘመን ላይ ወደቀ። አንደሉስ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። እ.ኤ.አ. በ1010 መዲነቱ ዛህራ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ሲጠጋ አብራቸው ያደገችው ከተማ ፈረሰች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ404 ዓመተ ሒጅራ (1013 እ.ኤ.አ.) ገደማ፣ አል-ዛህራዊ ወደ ማይቀረው ዓለም ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከተማዋ ለዘመናት ድንጋዩዋ እየተነቀለ ለሌላ ሕንፃ ሆነ። ቁፋሮ የተጀመረባት እ.ኤ.አ. በ1911 ነው፤ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ደግሞ በ2018።

መጽሐፉ ግን አልተቃጠለም። በ12ኛው መቶ ዘመን ክሬሞናዊው ጄራርድ ቶሌዶ ተቀምጦ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ወደ ላቲን መለሰው። አውሮፓውያን ሐኪሞች አቡልካሲስ እያሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት፤ እ.ኤ.አ. በ1497 ቬኒስ ላይ ታተመ። በቱርክ አገር በአማስያ ከተማ ደግሞ ሸረፈዲን ሳቡንጁኦሉ የተባሉ ሐኪም በ1465 ይህንኑ ሥራ መሠረት አድርገው፣ የሕክምናውን አሠራር በቀለም ሥዕል እያሳዩ በቱርክኛ ጻፉ።

አሁን ወደ ወረታዋ እናት እንመለስ።

መጀመሪያ የጾሙ ነገር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕዝባቸው ላይ ባይከብድ ኖሮ በየሰላቱ መፋቅን ሊያዙ እንደነበር እናውቃለን። ለጾመኛ ግን ሰዓቱ ላይ ዑለሞች ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ በሚታወቀው አቋም ጾመኛ ከቀትር በኋላ መፋቁ መክሩህ ነው፤ ሐነፊዮቹ ቀኑን ሙሉ ይፈቅዱታል። የጥርስ ሳሙናን በተመለከተ ብዙዎች ወደ ጉሮሮ ካልወረደ ጾም አይፈታም ይላሉ፤ እንዳይወርድ ግን ሥጋት ስላለ በቀን ቢተው ይመርጣሉ። የጾመኛ የአፍ ጠረን አላህ ዘንድ የተወደደ ነው በሚል ጥርሳቸውን የማይነኩ ልጆችም አሉ፤ ያ ጠረን ከባዶ ሆድ የሚመጣው ነው እንጂ በጥርስ መሃል ከበሰበሰ ምግብ የሚመጣው አይደለም። ለቤታችሁ የሚስማማውን የሰፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ። የሰዓት ጭቅጭቅ የማይነሳበት አማራጭም አለ፦ ከሱሁር በኋላ ከፈጅር አዛን በፊት፣ ማታ ደግሞ ከተራዊሕ መልስ ከመተኛት በፊት። ለልጅቱ እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ አይታለፉም። ሌሊት ከሱሁር በኋላ ሳይጸዳ የተቀመጠ ምግብ እስከ መግሪብ ድረስ አፏ ውስጥ ይውላል፤ በጾም ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስም የሚያጥበው የለም።

ሽቦ በሌለበት አፍ ምላስና ምራቅ የሚጠርጉት ትርፍራፊ፣ ጥርስ ላይ በተለጠፉት ትንንሽ ብረቶች ዙሪያ ይያዛል። እዚያ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ከስኳርና ከዱቄት አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ ከጥርሱ ማዕድን እየሟሟ ይወስዳል። በጥቂት ሳምንታት ብረቱን የከበበ ነጭ ምልክት ሊወጣ ይችላል፤ ሽቦው የተፈታ ዕለት ጥርሱ ቀጥ ብሎ፣ ነጫጭ ካሬዎቹ ግን ቀርተው ይታያሉ። የተለፋበት ገንዘብ እንዲህ እንዳይቀር ነው ነገሩ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ጠጉሩ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ዋናዎቹ ናቸው። ብሩሹን ከሽቦው በላይ አጋድሞ ወደ ታች፣ ከሽቦው በታች አጋድሞ ወደ ላይ፣ ድዱንም ጭምር እየነኩ እያንዳንዱን ጥርስ በቀስታ ማሸት ነው፤ ሲጣደፉ ብረቱ ይጸዳና ጥርሱ ይቀራል። ከዚያ ጠርሙስ ማጠቢያ የሚመስለውን፣ በጥርስ መሃል የሚገባ ደቃቅ ብሩሽ በሽቦውና በጥርሱ መካከል ከላይም ከታችም ማስገባት ነው። ይህ ትንሽ ብሩሽ በየፋርማሲው ላይገኝ ስለሚችል፣ ለክትትል ባሕር ዳር ሲኬድ አንድ ላይ ለወራት የሚበቃ መግዛት ይሻላል። የጥርስ ክርም አለ፤ ጫፉ ጠንከር ያለውን ወይም ክሩን የሚያሳልፈውን የላስቲክ መርፌ በሽቦው ሥር አሹልኮ፣ ክሩን በሁለት ጥርስ መሃል ወደ ድዱ ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን ማሸት ነው። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ያስለቅሳልም። ድዱ ቢደማ የሚተው ሳይሆን ይበልጥ በእርጋታ የሚጸዳ ነው፤ ከሳምንት በኋላም መድማቱ ካልቀነሰ ሐኪም ይየው።

መፋቂያውስ? ብሬስ ያሰረ ሰው መፋቂያ አይከለከልም፣ አያያዙ ግን ይለወጣል። እንጨቱን ሽቦ ባለበት ጥርስ ማኘክ የተለጠፈውን ብረት ይነቅላል። ስለዚህ ጫፉን ውኃ ውስጥ አሳድሮ በድንጋይ ቀጥቅጦ ጭረቱን ማለስለስ፣ ከዚያም ብረት በሌለበት በምላስ በኩልና በማኘኪያው ላይ መፋቅ ይቻላል። በሽቦው ላይ ወደ ጎን አይጎተትም፤ ብሩሹንም አይተካም።

የኢፍጣሩ ማዕድም ያስቸግራል። ቴምር ሱና ነው፣ ግን ይጣበቃል፤ ፍሬውን አውጥቶ በትንንሹ ቆርሶ መብላትና ወዲያው በውኃ መጉመጥመጥ ይገባል። የሳምቡሳው ጠርዝ፣ ቆሎና ሸንኮራ ለብረቱ ጠላት ናቸው። የፎገራ ቤት ዕድለኛ ነው፤ በአካባቢው የሚመረተው ሩዝ ለስላሳ ነው፣ ሾርባውም አለ። ሽቦው ከወጋት ሐኪሙ የሚሰጠውን ሰም ጫፉ ላይ መለጠፍ ነው እንጂ ቤት ውስጥ በጉጠት መቁረጥ አይታሰብም። አል-ዛህራዊ ጫፉን የደበቁት ለዚሁ ነበር።

አባትየውንም አነጋግረናል። ሽቦው ሳይጨርስ ቢወልቅ ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው የመመለስ ጠባይ እንዳላቸው፣ ያበጠው ድድም ሽቦው ስላለ ሳይሆን ስላልጸዳ መሆኑን ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙን። ልጅቱ ከመስተዋቱ ጎን የሱሁሩን ሰዓት የሚያመለክት ወረቀት ለጥፋለች፤ ከፈጅር በፊት 15 ደቂቃ ለጥርሷ ቆርጣለታለች። ቀጣዩ የባሕር ዳር ቀጠሮዋ ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት ነው።